የእስረኛ ሥራና የእስረኛ ደመወዝ

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚቀመጥበት ወንበር በእስረኛ እጅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በመኪና ላይ የሚታሰረው ሰሌዳም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ያው ተማሪ ከአባቱ ጋር ገበያ ወጥቶ ያንኑ ዓይነት ወንበር ከሱቅ ልግዛ ቢል በቀላሉ አያገኘውም። እስረኛ የሠራው ዕቃ በአብዛኛው ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት እንጂ ከግዛት ግዛት እየተጫነ ለተራው ገበያ እንዳይቀርብ ሕግ ከልክሎታል። ይህ ክልከላ ከምን መጣ? ከ1979 ወዲህስ ለአንዳንድ የግል ድርጅቶች ብቻ በሩ ገርበብ ያለላቸው በምን ሁኔታ ነው? በሩ ይበልጥ ይከፈት የሚሉ ሰዎች ወጪውን ማን እንዲሸፍን ያስባሉ?

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢመስልም ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ነው። በታሪክ፣ በምጣኔ ሀብት፣ በሥነ ዜጋ፣ እንዲያውም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር እኛ፣ ከዕጩ መምህራን ጋር ከተወያየንበት ውስጥ ፍሬ ፍሬውን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

እስረኛን ለግል ነጋዴ ማሠራት የቆየ ልማድ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በኒው ዮርክ ግዛት ኦበርን በተባለ ከተማ የተሠራው ወኅኒ ቤት እስረኞቹን ሌሊት ለየብቻቸው እየዘጋ፣ ቀን ግን በአንድ የሥራ አዳራሽ እየሰበሰበ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ያሠራቸው ነበር። ነጋዴው ጥሬ ዕቃውን ይዞ ይገባል፤ ስለ እያንዳንዱ እስረኛ የቀን ሥራ ለወኅኒ ቤቱ ቁርጥ ሒሳብ ይከፍላል፤ የተሠራውን ጫማ፣ በርሜል ወይም ልብስ አውጥቶ ይሸጣል። ሠሪው እስረኛ ነበር፤ ተከፋዩ ግን ወኅኒ ቤቱ። የኒው ዮርክ የእጅ ባለሙያዎችም በ1830ዎቹ ዓመታት ተሰብስበው አቤቱታ አሰሙ። ቤት ኪራይ የሚከፍልና ልጆች የሚያሳድግ ጫማ ሰፊ፣ ምንም ከማይከፈለው ጫማ ሰፊ ጋር በዋጋ ተወዳድሮ ሊያሸንፍ እንደማይችል ግልጽ ነበር።

የከፋው ታሪክ የተፈጸመው ግን በደቡብ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ በ1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሲያስወግድ አንድ ቀዳዳ አስቀረ። በወንጀል ተፈርዶበት የሚቀጣ ሰው ከክልከላው ውጭ ሆነ። የደቡብ ግዛቶች በዚህ ቀዳዳ ገቡበት። ሥራ ፈት ሆኖ መገኘትን የመሳሰሉ ጥቃቅን ጥፋቶች ከባድ ቅጣት ተወሰነባቸው፤ ትናንት ነፃ የወጡት ጥቁሮች በብዛት እየታሰሩ ለማዕድን ባለቤቶች፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተቋራጮችና ለእርሻ ጌቶች ተከራዩ። ተከራዩ እስረኛውን ከነቀለቡና ከነጥበቃው ይረከበዋል፤ የመገረፉም ጉዳይ በእርሱ እጅ ነው። የባሪያ ጌታ የገዛው ሰው ሲሞትበት ያወጣው ገንዘብ ይጠፋበታል፤ ለተከራዩ ግን የሞተውን የሚተካ ሌላ እስረኛ ነበረው። በብዙ ቦታ አዲሱ አያያዝ ከአሮጌው የከፋው በዚህ የሒሳብ ጠባይ ምክንያት ነው። በአላባማ በ1898 ከግዛቱ መንግሥት ገቢ ከግማሽ የሚበልጠው ከዚህ ኪራይ ይገኝ ነበር። አላባማ ይህን አሠራር የተወው በ1928 ሲሆን፣ ከተዉት ግዛቶች ሁሉ የመጨረሻው ነው።

በዚህ ዘመን ከተፈጸሙት ውስጥ አንዱን ጠበቅ አድርገን መናገር እንወዳለን። በ1891 በቴነሲ ግዛት ኮል ክሪክ በተባለ ስፍራ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከባለ ማዕድኑ ጋር ሲጣሉ በቦታቸው እስረኞች ገቡባቸው። ቆፋሪዎቹ መሣሪያ አንሥተው ሠፈሩን ከበቡ፤ እስረኞቹን ከነጠባቂዎቻቸው በባቡር ጭነው ወደ ኖክስቪል ከተማ ሰደዷቸው። ግዛቱ እስረኞቹን መልሶ ሲያመጣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ አጥሩን አቃጥለው እስረኞቹን ለቀቋቸው። ጦር ዘምቶ ዓመፁን ቢያበርደውም ኪራዩ ለመንግሥት ከሚያስገባው ይልቅ ጦሩ የሚያስወጣው በዛ፤ ቴነሲም ውሉ ሲያልቅ በ1896 አሠራሩን አቆመ። እኛን የሚገርመን የቆፋሪዎቹ አድራጎት ነው። እስረኞቹን በጠላትነት ሊያዩአቸው ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ጠባቸው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ሰውየው ከተተመነበት ዋጋ ጋር መሆኑን የተረዱ ይመስላል።

እንግዲህ የ20ኛው መቶ ዓመት ሕጎች የወጡት በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርተው ነው። ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በዚህ ጉዳይ አብረው የቆሙት ባለ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በሌላ ጉዳይ የማይስማሙ ሁለት ወገኖች በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ኮንግሬስ ይሰማል። በ1929 የወጣው የሆውስና ኩፐር ሕግ እያንዳንዱ ግዛት ከሌላ ግዛት የሚመጣበትን የእስረኛ ሥራ እንዲከለክል ሥልጣን ሰጠው። በ1935 የአሹርስትና ሰምነርስ ሕግ ክልከላ ወዳለበት ግዛት እንዲህ ያለውን ዕቃ መጫንን ወንጀል አደረገ። በኬንታኪ በእስረኞች ጉልበት የፈረስ አንገት ማሰሪያና የጠፍር ዕቃ የሚያሠራ አንድ ኩባንያ የባቡር ድርጅት ዕቃዬን አልጭንም አለኝ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢከራከርም በ1937 ተረታ። በ1940 ደግሞ ክልከላው ጠንክሮ፣ ተቀባዩ ግዛት ቢፈቅድም ባይፈቅድም የእስረኛ ሥራ ውጤት ከግዛት ግዛት እንዳይጫን ተደረገ። የእርሻ ውጤትና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው ዕቃ ብቻ ከክልከላው ውጭ ቀረ። ከላይ የጠቀስነው ወንበርና ሰሌዳ የመጣው ከዚህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥትም በ1934 የራሱን የወኅኒ ቤት ኢንዱስትሪ አቋቁሞ ነበር፤ በኋላ ዩኒኮር የሚል የንግድ ስም ወጥቶለታል።

ክልከላው ነፃውን ሠራተኛ ጠበቀ፤ እስረኛውን ግን ሥራ ፈት አደረገው። ለመንግሥት ብቻ የሚሸጥ የሥራ አዳራሽ ብዙ ሰው አያሠራም። አምስት ሰው የሚበቃውን ሥራ ለሃያ ማካፈል የተለመደ ሆነ፤ ደመወዙም በሳንቲም የሚቆጠር ነበር። በ1971 በኒው ዮርክ ግዛት በአቲካ ወኅኒ ቤት እስረኞች ባመፁ ጊዜ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የግዛቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በወኅኒ ቤቱ ሥራ ላይም ይጸና የሚል ነበር። በዚያ ዓመፅና ዓመፁን ለማብረድ በተወሰደው እርምጃ 43 ሰዎች ሞተዋል። ደመወዝ ከብዙ ብሶቶች አንዱ ብቻ ቢሆንም፣ የወኅኒ ቤት ሥራ እንዲሻሻል የሚጠይቁ ሰዎች ሰሚ ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። የሕግ ማስከበር ድጋፍ አስተዳደር የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም በ1970ዎቹ አጋማሽ ለጥቂት ግዛቶች ገንዘብ ሰጥቶ የወኅኒ ቤት የሥራ አዳራሽ እንደ ውጭው ፋብሪካ ሙሉ ቀን እንዲሠራ፣ ምርታማነትና ደመወዝ እንዲያያዙ ሙከራ አስጀመረ።

የግል ድርጅቶች እንደገና የገቡት በ1979 ነው። የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ቻርልስ ፐርሲ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ኮንግሬስ ለሰባት የሙከራ ፕሮጀክቶች የጭነቱን ክልከላ አነሣ። በ1984 ቁጥሩ ወደ 20፣ በ1990 ደግሞ ወደ 50 ከፍ አለ። ዛሬም ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የፍትሕ ድጋፍ ቢሮ ነው።

ፈቃዱ የሚሰጠው ግን በብርቱ ግዴታ ነው። እስረኛው የሚሠራው ወድዶ፣ በፊርማው አረጋግጦ መሆን አለበት። የሚከፈለው በአካባቢው ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ነፃ ሰው ከሚከፈለው ያነሰ አይሆንም፤ ይኸውም ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ሊወርድ አይችልም። በሥራ ላይ ቢጎዳ ካሣ ያገኛል። አሠሪው ፕሮጀክቱን ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው የሠራተኛ ማኅበርና በዚያው ሥራ የተሠማሩ ድርጅቶች ሊመከሩበት ይገባል፤ በፕሮጀክቱ ምክንያትም ነፃ ሠራተኛ ከሥራው እንዳይፈናቀል ተደንግጓል። እነዚህን ግዴታዎች ያነበበ ሰው በእያንዳንዱ ሐረግ ውስጥ የኦበርንን ጫማ ሰፊና የኮል ክሪክን ቆፋሪ ድምፅ ይሰማል።

አሠራሩ ሁለት ዋና ዋና መልኮች አሉት። በአንደኛው የግል ድርጅቱ ራሱ አሠሪ ሆኖ ይቀጥራል፣ ያሠለጥናል፣ ይከፍላል፤ ወኅኒ ቤቱ ቦታውንና ጥበቃውን ይሰጣል። በሁለተኛው አሠሪው ወኅኒ ቤቱ ሲሆን የግል ድርጅቱ ዕቃውን የሚያዝ ደንበኛ ብቻ ነው። ከቀድሞዎቹ ምሳሌዎች አንዱ በካንሳስ የታየው ነው። ፍሬድ ብራውን የተባሉ ባለ ሀብት በ1979 በሌቨንወርዝ ከተማ ዘፊር የሚባል የቆርቆሮና የብረታ ብረት ሥራ ፋብሪካ አቋቋሙ። እስረኞቹ ጠዋት በአውቶቡስ ከወኅኒ ቤት ይመጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። ዝቅተኛውን ደመወዝ ይከፈላሉ፤ ከዚያ ላይ የቀለባቸውንና የመጓጓዣቸውን ይከፍላሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ትራንስፖርት የሚከፍል እስረኛ፣ ለአንዳንድ ሰው አስቂኝ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ከፕሮግራሙ ሁሉ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ይህን ለመረዳት አንድ የደመወዝ ወረቀት እናስላ፤ መምህራንም በክፍል ውስጥ ሊያሠሩት ይችላሉ። ሕጉ ከእስረኛው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ እስከ 80 በመቶ እንዲቆረጥ ይፈቅዳል። ተቆራጩ ለአራት ነገር ብቻ ነው፤ ለግብር፣ ለመኝታና ለቀለብ፣ ለቤተሰብ መርጃና ለወንጀል ተበዳዮች ካሣ። ለተበዳዮች የሚቆረጠው ከ5 በመቶ የማያንስ፣ ከ20 በመቶ የማይበልጥ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። እስረኛው በሳምንት 40 ሰዓት ከሠራ 290 ዶላር ያገኛል። ወኅኒ ቤቱ የተፈቀደለትን ሁሉ ቢቆርጥ 232 ዶላር ይሄዳል፤ ለእስረኛው 58 ዶላር ይቀርለታል። ለተበዳዮች የሚደርሰው ከ14 ዶላር ከ50 እስከ 58 ዶላር ነው። ከቀረው ተቆራጭ ላይ መንግሥት ግብሩን ያገኛል፤ ወኅኒ ቤቱ ቀለብና መኝታ ይሸፈንለታል፤ እስረኛው ልጆች ካሉት ለእነርሱ ይላካል።

አሁን ይህን ከሌላው የወኅኒ ቤት ሥራ ጋር እናነጻጽር። በዩኒኮር የሚሠራ የፌዴራል እስረኛ በሰዓት የሚያገኘው ከ23 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ሆኖ ኖሯል። በ40 ሰዓት ሲባዛ ከ9 ዶላር ከ20 እስከ 46 ዶላር ነው። በደቡብ ደግሞ እንደ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና አርካንሶ ባሉ ግዛቶች ወኅኒ ቤት የሚያጸዳው፣ የሚያበስለውና የሚያርሰው እስረኛ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይከፈለውም። ከ9 ዶላር ላይ ግብር ቢቆረጥ ምን ያህል ይሆናል? ለተበዳይ ቢከፈል ምን ይጠቅማል? ለልጅ ደብተር ይገዛል? ስለዚህ ደመወዝ ሲባል ለእስረኛው የሚደረግ ችሮታ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ሙሉ ደመወዝ ሲኖር ብቻ ነው ለተበዳዩ፣ ለልጁ፣ ለግምጃ ቤቱም የሚከፋፈል ነገር የሚኖረው። ደመወዙ ከሳሳ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ አላባማ አሳይታናለች።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን አልተስፋፋም? በአሜሪካ የግዛትና የፌዴራል ወኅኒ ቤቶች ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አለ፤ በዚህ ፕሮግራም የሚሠራው ግን በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ብቻ ነው።

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ፈቃዱ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ አያስከትልም። ከላይ የጠቀስነው የሕግ ማስከበር ድጋፍ አስተዳደር በ1982 ተዘግቷል። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚቆረጠው የቀለብ ሒሳብ ለወኅኒ ቤቱ ይገባል፤ ግን ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ጣሪያ መሥራት፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መሥመር መዘርጋት፣ ለጭነት መኪና በር መክፈት፣ ለአዳራሹ ጠባቂ መመደብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሸፈነው ወኅኒ ቤቱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛና ሰሌዳ ሸጦ ካጠራቀመው ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ጠረጴዛው ካልተሸጠ አዲሱ አዳራሽ አይሠራም ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ1990 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀው ደንብ በወኅኒ ቤት ውስጥ ለሚቀጥሩ ድርጅቶች ከሚከፍሉት ደመወዝ 10 በመቶ ያህል ከግብራቸው እንዲቀነስላቸው ፈቅዶ ነበር። በዚያም ቢሆን የመጡት ድርጅቶች ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ቀኑ ማጠሩ ነው። የወኅኒ ቤት ቀን የፋብሪካ ቀን አይደለም። ጠዋት ቆጠራ አለ፤ ከምሳ በፊት ወይም በኋላ ሌላ ቆጠራ አለ። ከሥራ ሲወጡ መዶሻውም መሮውም እያንዳንዱ ተቆጥሮ ቦታው መመለስ አለበት፤ አንድ መቀስ ከጎደለ ማንም አይወጣም። በአንድ ክፍል ጠብ ተነሣ እንደሆነ ወኅኒ ቤቱ በሙሉ ይዘጋል፤ ለሐሙስ የተቀጠረው ዕቃ እስከ ሰኞ ይቆያል። ሥራውን የለመደው ሰው ወደ ሌላ ወኅኒ ቤት ይዛወራል፤ ወይም ቀኑ ደርሶ ይወጣል፤ መውጣቱ ግን የሁሉም ምኞት ስለሆነ በዚህ የሚያማርር አሠሪ ሊኖር አይገባም። ታዲያ አሠሪው ለነፃ ሰው የሚከፍለውን እየከፈለ ይህን ሁሉ መታገሥ ካለበት ትርፉ ምንድን ነው? አነስተኛ ኪራይና ከሥራው የማይቀር ሠራተኛ ያገኛል፤ ከዚህ ብዙ አያልፍም።

ከዚህ የተነሣ «ፕሮግራሙ ይስፋፋ» የሚሉት ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንደኛው ወገን ደመወዙ ዝቅ ይበል፣ የምክክሩ ግዴታ ይላላ፣ ያን ጊዜ ድርጅቶች ይጎርፋሉ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ደመወዙ ሳይነካ ጣሪያውን፣ መሥመሩንና ጠባቂውን የሕዝብ ገንዘብ ይሸፍን ይላል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን። ምክንያታችንም ርኅራኄ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ የነበረ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ተሸጦ 150 ያህል ሠራተኞች ሥራ ካጡ በኋላ፣ ያው ሥራ ብዙም ሳይቆይ በሎክሃርት ወኅኒ ቤት ውስጥ በእስረኞች እንደ ተጀመረ ታውቋል። ግዴታው በወረቀት ላይ እያለ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ከላላ ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሥራውን ያጣው ጎረቤት፣ ከወኅኒ ቤት የሚወጣውን ሰው በጥሩ ዓይን ይቀበለዋል ብለን አንጠብቅም።

ከሕጉ ቀዳዳዎች አንዱን ሳንጠቅስ አናልፍም። የክልከላው ሕግ የሚናገረው ስለሚጫን ዕቃ ነው። የስልክ ንግግር ግን ዕቃ አይደለም። በ1981 ቤስት ዌስተርን የተባለው የሆቴሎች ማኅበር በአሪዞና በፊኒክስ ከተማ በሴቶች ወኅኒ ቤት ውስጥ የስልክ ማዞሪያ አቁሞ ለሆቴል አልጋ የሚያስይዙ ደንበኞችን ታራሚ ሴቶች እንዲያስተናግዱ አድርጓል። ይህ ሙከራ በጊዜው የተመሰገነ ነበር፤ ከእስር ከወጡ በኋላ በዚያው ድርጅት የተቀጠሩም ነበሩ። ነገር ግን ዓለም ከዕቃ ወደ አገልግሎት በዞረ ቁጥር በ1979 የተደነገገው የደመወዝ ግዴታ የማይደርስበት ሥራ እየበዛ ይሄዳል። የእርሻ ውጤትም ከመጀመሪያው ከክልከላው ውጭ ስለሆነ በዚያ የሚሠራው እስረኛ በዚህ ሕግ አይጠበቅም። ሕግ አውጪዎች ፕሮግራሙን እናስፋ ሲሉ መጀመሪያ መድፈን የሚገባቸው ይህን ቀዳዳ ይመስለናል።

ሥራው እስረኛውን ይለውጠዋልን? በአምስት ግዛቶች ተካሂዶ በ2000ዎቹ አጋማሽ የቀረበ አንድ ጥናት፣ በዚህ ፕሮግራም የሠሩት እስረኞች በተለመደው የወኅኒ ቤት ሥራ ከቆዩትና ከነጭራሹ ሥራ ካልነበራቸው ይልቅ ከወጡ በኋላ ፈጥነው ሥራ እንዳገኙ፣ በሥራቸውም ረዘም ላለ ጊዜ እንደ ቆዩ፣ ወደ እስር የተመለሱትም ያነሱ እንደ ሆኑ አሳይቷል። ለተማሪዎች ግን አንድ ጥያቄ ማስተማሪያ ይሆናል፤ ወደ ፕሮግራሙ የሚገቡት ወድደው ያመለከቱና አሠሪው የመረጣቸው ናቸው። ታዲያ የለወጣቸው ሥራው ነው ወይስ ከመጀመሪያው የመለወጥ ሐሳብ የነበራቸው ናቸው? አጥኚዎች ይህን ለማስተካከል ተመሳሳይ ሰዎችን እያነጻጸሩ ይሠራሉ፤ ጥርጣሬውን ፈጽመው ማስወገድ ግን አይቻላቸውም።

ስለ ትምህርትም የሚባል አለ። ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት በእስር ላይ ሳሉ የተማሩ ሰዎች ካልተማሩት ይልቅ ወደ ወኅኒ ቤት የመመለሳቸው ዕድል በ43 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ለትምህርቱ ከሚወጣው እያንዳንዱ ዶላርም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከ4 እስከ 5 ዶላር ከእስር ወጪ እንደሚድን ገልጿል። የደመወዝ ወረቀቱን ማንበብ የማይችል ሰው ስንት እንደ ተቆረጠበት አያውቅም። የሥራ አዳራሹ ጣሪያ ሲሠራ ከጎኑ አንድ የመማሪያ ክፍል እንዲሠራ የምንጠይቀው የራሳችንን ሙያ ለማስከበር ብለን አይደለም፤ ጥቂት ግን እርሱም አለበት።

በእኛስ አካባቢ? የኢትዮጵያ ወኅኒ ቤቶች፣ ዛሬ ማረሚያ ቤት የሚባሉት፣ የሽመና፣ የእንጨት ሥራና የልብስ ስፌት ከቆዩባቸው ሙያዎች መካከል ናቸው። የ1995 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጽ ማንም ሰው በግዴታ እንዳይሠራ ሲከለክል፣ በሕግ መሠረት የታሰረ ሰው በእስሩ ጊዜ እንዲሠራ የሚወሰነውን ሥራ ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። የአሜሪካው 13ኛ ማሻሻያ ለባርነት ጭምር በር ሲተው የኢትዮጵያው ስለ ሥራ ብቻ ስለሚናገር ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ጎን ለጎን ቢነበቡ ግን ለሥነ ዜጋ ክፍል ጥሩ ውይይት ይወጣቸዋል። ኢትዮጵያ በ2003 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 29ኛ ስምምነት፣ በ1930 የወጣው፣ እስረኛ በፍርድ ቢሠራም በመንግሥት ባለ ሥልጣን ቁጥጥር ሥር እንዲሆን፣ ለግል ሰው ወይም ለኩባንያም እንዳይከራይ ያዛል። የስምምነቱ ተርጓሚዎች እስረኛው በእውነት ወድዶ ሲሠራና አሠራሩ ወደ ነፃ ሠራተኛ ሁኔታ ሲቀርብ የግል ድርጅት ሊያሠራው እንደሚችል ይቀበላሉ። አሜሪካ ይህን ስምምነት አላጸደቀችም።

በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያሻሻላቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየሙት የእስረኞች አያያዝ ደንቦችም በዚሁ ላይ የሚሉት አላቸው። የእስረኛውና የሙያ ሥልጠናው ጥቅም ከሥራው ለሚገኝ ትርፍ ሲባል ወደ ኋላ አይባልም። ሥራው በውጭ ድርጅት ሲሠራ ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ከሚያገኘውም እስረኛው ለራሱ አስፈላጊ ነገር የሚያወጣው፣ ለቤተሰቡ የሚልከው፣ ሲወጣ ደግሞ የሚሰጠው ተቀማጭ ይኑረው ይላሉ።

ይህን የመጨረሻውን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ እስረኛው ከቀረለት 58 ዶላር ግማሹን፣ ማለት 29 ዶላር፣ በየሳምንቱ ቢያስቀምጥ በ104 ሳምንት ውስጥ 3,016 ዶላር ይኖረዋል። በሰዓት 23 ሳንቲም የሚከፈለው ሰው ደግሞ የሚያገኘውን ሁሉ ሳያጎድል ቢያስቀምጥ፣ ሳሙናም ሳይገዛ፣ ለልጁም ምንም ሳይልክ፣ በዚያው ሁለት ዓመት 956 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይዞ ከበሩ ይወጣል።